የአራዳ ቤቶችና የግብር ምሕረት

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ብለው የሰየሟት ከተማ፣ ገና ዐሥራ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላት ልትጠፋ ተቃርባ እንደ ነበረ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ያሠጋትም ጦርነት ወይም ቸነፈር ሳይሆን የእንጨት እጦት ነበር። በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለቤት ሥራ፣ ለአጥርና ለማገዶ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስላለቀ፣ ዳግማዊ ምኒልክ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ልማድ ከተማውን ለቅቀው ወደ ሌላ ሥፍራ ለመዛወር አስበው፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም በተባለው ሥፍራ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን ከመኳንንቱና ከውጭ አገር መልእክተኞች አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ የድንጋይ ቤት እስከ ማሠራት ደርሰው ስለ ነበር መነሣቱ ከበዳቸው፤ በዚያው ሰሞንም ከጥቂት ዓመት በፊት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድግ መሆኑ ታወቀ። ንጉሠ ነገሥቱም ሕዝቡ ዛፉን እንዲተክል በማዘዝ ብቻ አልተወሰኑም፤ ችግኙ በርካሽ ዋጋ እንዲሸጥ፣ ዛፉ ለተተከለበትም መሬት ግብሩ እንዲማር አደረጉ። በዚህ ምሕረት ከተማይቱ በባሕር ዛፍ ተከበበች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም በቦታዋ ጸናች።

ይህን ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የአራዳና የፒያሳ ቤቶች እንዴት እንደ ተሠሩ፣ እንዴት እንደ ቆዩ፣ እንዴትም እንደ ፈረሱ በተርታ ለማውጋት ስነሣ፣ በእያንዳንዱ ዘመን ከባለቤቱ ፍቅርና ከአናጢው ጥበብ ኋላ ቆሞ የሚሠራውን የግብር፣ የኪራይና የይዞታ ሕግ አንባቢው አብሮኝ እንዲመለከት እፈልጋለሁ፤ መንግሥት ከግብሩ ጥቂቱን በመተው ከተማን ሊያድን እንደሚችልም የመጀመሪያዋ ምስክር ራሷ አዲስ አበባ ናትና።

አራዳ የሚባለው ሰፈር ከቤተ መንግሥቱ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተዘርግቶ የነበረው የገበያ ሥፍራ ነው። ከየአውራጃው የሚመጣው ነጋዴ ቡናውን፣ አሞሌውን፣ ማሩን፣ ቆዳውንና ሰሌኑን ይዞ የሚወርደው፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣውም አቡጀዲና ብረት የሚራገፈው እዚያ ነበረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሜዳው በሰው ብዛት ይጨነቅ እንደ ነበር በዘመኑ የጐበኙት መንገደኞች ሁሉ ጽፈዋል። ቀረጡን የሚሰበስበው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር፤ ከነዚህም መካከል ስመ ጥር የሆኑት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ኋላ ቢትወደድ ለመባል የበቁት፣ በዚሁ በአራዳ ሰፋ ያለ ቤት አሠርተው ነበርና ቤታቸው ከጊዜ በኋላ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ማገልገሉ ይነገራል። ገበያ ባለበት ንዋይ አለ፤ ንዋይ ባለበትም ሱቅ፣ መጋዘንና ማደሪያ ያስፈልጋል። ነገር ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ በከተማው የነበረው መሬት የንጉሥ ሥሪት ስለ ነበረ፣ ሰፋሪው ነገ ተነሣ ቢባል ይነሣ ነበርና፣ ድንጋይ ጠርቦ ፎቅ ለመሥራት የሚደፍረው ጥቂት ነበር።

ይህን የለወጠው በ1900 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሬቱ ተለክቶ ለባለይዞታው የምስክር ወረቀት ይሰጠው፣ የአገር ተወላጁም የውጭ አገሩም ሰው ይገዛና ይሸጥ ዘንድ ተፈቀደ። ልጆቹ እንደሚወርሱት የታመነ ቤት እንደ ድንኳን አይሠራም፤ ስለዚህ በዚያን ዘመን በአምስትና በስድስት ዓመት ውስጥ አራዳ መልኩን ለወጠ። የሐበሻ ባንክ ከደንቡ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1898 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራውን ጀምሮ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከፈቱ፤ ይህም በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል መሆኑ የታወቀ ነው። በዓድዋ ጦርነት ተማርኮ የነበረው ጣሊያናዊው ሰባስቲያኖ ካስታኛ የቅዱስ ጊዮርጊስን ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ንድፍ አውጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ በድንጋይ ታነጸ። መሐመድ አሊ የሚባለው የህንድ ነጋዴዎች ኩባንያ ሰፊ መደብሮች አቆመ፤ ሚናስ ኸርበክያንን የመሰሉ አርመናውያን የሕንፃ ባለሙያዎች፣ ግሪኮችና የህንድ አናጢዎችም ከአገሬው ሠራተኛ ጋር እየተባበሩ፣ የማንም ብቻ ያልሆነ፣ ነገር ግን አዲስ አበባን የሚመስል አንድ ዐይነት ቤት ፈጠሩ።

ይህ ቤት ምን ዐይነት እንደ ሆነ በቅርብ ሆኖ ማየት ይገባል። ምድር ቤቱ ከጥቁር ድንጋይ የተገነባ ነው፤ ድንጋዩ በጭቃ ወይም በኖራ ተያይዟል። በዚያ ላይ የሚቆመው ፎቅ በጥድ ዐምድና በማገር ተዋቅሮ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ በላዩ ኖራ ተቀብቷል። ፎቁን በሦስት ወይም በአራት ወገን የሚዞረው የእንጨት በረንዳ በቀጫጭን ዐምዶች ላይ ያረፈ ሲሆን፣ የመከታው ጣውላ አንድ ባንድ በእጅ የተቀረጸ፣ በጣራው ጠርዝ የሚንጠለጠለውም እንጨት እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተቦረቦረ ነው። የውስጡ ኮርኒስ ብዙውን ጊዜ የተወጠረ አቡጀዲ ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ከጣራውም የሚወርደውን ውኃ ከግድግዳው የሚያርቀው የቆርቆሮ አሸንዳ ነው። ስለ አሸንዳው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ የአራዳ ቤቶች ሕይወትና ሞት በአብዛኛው በእርሱ የተንጠለጠለ ነውና።

ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 በቅዱስ ጊዮርጊስ ዘውድ ሲጭኑ፣ ሰልፉን የተመለከተው ሕዝብ የሞላው እነዚህን በረንዳዎች ነበር። የዳግማዊ ምኒልክም የፈረስ ላይ ሐውልት የቆመው በዘውዱ በዓል ዋዜማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ግን ለቤቶቹ ክፉ ነበረ። በሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር በሄዱ ጊዜ የአራዳ ሱቆች ተዘረፉ፣ ብዙዎቹም ተቃጠሉ፤ በየካቲት 1929 ደግሞ ፋሽስቶች በሕዝቡ ላይ ባደረሱት ጭፍጨፋ ቤቱ ከነሰው ጋየ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስም ቤተ ክርስቲያን እሳት ተለቀቀበት። ጣሊያኖች የመሐመድ አሊን ኩባንያ በ1929 ከአገር አስወጡት፤ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ነቅለው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ አዛወሩት፤ ሰፈሩንም በቋንቋቸው ፒያሳ አሉት። አራዳን ለጥቁር ሕዝብ ሳይሆን ለነጭ ሰፋሪ የታሰበ የከተማ እምብርት ለማድረግ ነበረ ሐሳባቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐሳባቸው ሳይፈጸም በ1933 ተባረሩ፤ የቀረው ስሙና ጥቂት ሕንፃ ብቻ ነው።

ከነፃነት በኋላ ያሉት ሠላሳ ያህል ዓመታት የፒያሳ ወርቃማ ዘመን ነበሩ ማለት ይቻላል። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር፣ የሀገር ፍቅር ቴአትር፣ የወርቅ ሠሪዎች ሱቆች፣ የካስቴሊ ምግብ ቤት፣ የቶሞካ ቡና፣ መጻሕፍት ቤቶችና ልብስ ሰፊዎች በአንድ ቁልቁለት ላይ ተደርድረው፣ ምሽት ሲሆን የከተማው ሰው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ወይም ካፖርቱን ደርቦ እዚያ ይመላለስ ነበር። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃም በ1957 ዓ.ም. ከፒያሳ አናት ላይ ቆመ። በዚህ ዘመን የድሮውን ቤት ያቆየው ኪራይ ነበረ። ባለቤቱ ምድር ቤቱን ለሱቅ፣ ፎቁን ለመኖሪያ እያከራየ ከሚያገኘው ገቢ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን ያስመታል፣ ከበዓል በፊትም ኖራውን ያስቀባል፤ ይህንም የሚያደርገው ቅርስ ነው ብሎ ሳይሆን፣ የሚያፈስ ቤት ጥሩ ተከራይ ስለማያገኝ ነው።

መንግሥቱ ግን በዚያ ዘመን አሮጌ ቤትን ለማክበር ገና አልተሰናዳም ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 229 በአገራችን ስለ ጥንታዊ ቅርስ የመጀመሪያው ሕግ ሲሆን፣ ጥንታዊ ቅርስ ብሎ የሚጠብቀው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። ለአክሱምና ለላሊበላ፣ ለጐንደርም ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን በ1879 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ከነሙሉ ሰውነቷ ከሕጉ በር ውጭ ቀረች። በዚያው በ1950ዎቹ ዓመታት የወጡት የኢንቨስትመንት ሕጎች በበኩላቸው ከፍ ያለ ገንዘብ አውጥቶ አዲስ ድርጅት ለሚያቋቁም ባለሀብት ለአምስት ዓመት ያህል ከገቢ ግብር ነፃ መሆንን ሰጡ። ምሕረቱ መልካም ነበር፤ ፋብሪካም ሆቴልም ተሠርቶበታል። ሆኖም የግብር ምሕረት ከአዲስ ነገር ጋር ብቻ የሚሄድ ነው የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን ሥር የሰደደው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

በዚያው ጊዜ በውጭው ዓለም ሌላ አስተሳሰብ ይወለድ ነበር። በፈረንሳይ የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ በስሙ የሚጠራውን ሕግ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 አወጣ፤ በዚህም ሕግ ጥንታዊ ሰፈሮች እንደ ሰፈር ተጠብቀው፣ ቤታቸውን በሥርዓቱ የሚያሳድሱ ባለቤቶች ያወጡት ገንዘብ ከግብራቸው እንዲታሰብላቸው መንገድ ተከፈተ፤ በፓሪስ ማሬ የሚባለው፣ ሊፈርስ ተቃርቦ የነበረው የድሆች መንደር በዚህ ዳነ። በአሜሪካም የኒው ዮርክ ከተማ ታላቁ የፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ በዚያው አቆጣጠር በ1963 መፍረስ መጀመሩ ሕዝቡን ስላስቆጣ ከሦስት ዓመት በኋላ የቅርስ ሕግ ወጣ፤ በ1976 ደግሞ የግብር ሕጉ ተሻሽሎ አሮጌውን ሕንፃ የሚያድስ ሰው እንዲጠቀም ተደረገ። ከ1986 ወዲህ ያለው ሥርዓት ቀላል ነው፦ ገቢ የሚያስገኝ፣ በታሪካዊነት የተመዘገበ ሕንፃ ያለው ሰው፣ እድሳቱ የሕንፃውን ጠባይ ያልለወጠ መሆኑ በመንግሥት ባለሙያ ከተረጋገጠለት፣ ካወጣው ከመቶ ሃያው ከሚከፍለው ግብር ይቀነስለታል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢሸጠው ግን ከተማረለት ይመልሳል። በዚህ መንገድ ከአርባ ሺህ በላይ ሕንፃዎች ታድሰዋል፤ ከመቶ ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ የግል ገንዘብም ወደ እድሳት ሥራ ፈስሷል። እድሳት ደግሞ ከአዲስ ግንባታ ይልቅ ለዕቃ ያነሰ፣ ለሰው እጅ የበለጠ የሚከፈልበት ሥራ ስለ ሆነ፣ ገንዘቡ እዚያው ከተማ ውስጥ በአናጢው፣ በግንበኛውና በለሳኙ እጅ ይቀራል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አውጥቶ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የዚህ አዋጅ መልካም ወገን ሊሸሸግ አይገባም፦ በአነስተኛ ቤት ይኖር የነበረው ድሃ ኪራዩ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰለት፤ የተጨነቀው ቤተሰብም ከጌታው ደጅ ጥናት ዳነ። በሌላ ወገን ግን አዋጁ የአራዳን ቤቶች ከሚጠግናቸው ኪራይ አለያያቸው። የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። የነጋድራሱ ወይም የአርመኑ ፎቅ በችፑድና በኮምፖርሳቶ ተከፋፍሎ ለአምስትና ለስድስት ቤተሰብ ታደለ፤ በረንዳው በቆርቆሮ ታጥሮ ማድቤት ሆነ። ኪራዩም በዚያው እንደ ተወሰነ ቀረ፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ እንኳ በወር ከዐሥር ብር በታች የሚከፈልባቸው የቀበሌ ቤቶች ብዙ ነበሩ። የአንዲት ቅጠል ቆርቆሮ ዋጋ ከብዙ ወራት ኪራይ በበለጠበት ጊዜ ቀበሌው ከየት አምጥቶ ይጠግናል? ተከራዩስ የእርሱ ያልሆነውን፣ ነገ ልቀቅ ሊባልበት የሚችለውን ቤት ስለ ምን ብሎ በገንዘቡ ያድሳል?

እንግዲህ ወደ አሸንዳው እንመለስ። በአንድ የአራዳ ቤት ጣራ ጠርዝ ላይ አሸንዳው በመጀመሪያ ከመጋጠሚያው ይዝጋል፤ ቀጥሎም አንዱ ወገን ይንጠለጠላል። ውኃው በረንዳው ላይ ይፈስሳል፤ የበረንዳው ጣውላ በሁለት ክረምት ይበሰብሳል፤ ከጣውላው ቀጥሎ ዐምዱን የያዘው እግር ይላላል። በሌላው ወገን ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርዳልና ኖራው ይላቀቃል፤ ኖራ ያጣው ጭቃ እርጥበቱን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይፈርጣል፤ በውስጡ የነበረው ጥድ ከታች ጀምሮ ይበላል። በሰኔ በመሰላል ወጥቶ አንድ ክንድ አሸንዳ የሚያስርለት ሰው ያጣ ቤት በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ ጐን ያዘነብላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ «ለኑሮ አደገኛ ነው» ብሎ ቢጽፍ እውነቱን ነው። የሚያሳዝነው ይህ ነው፦ መሐንዲሱም እውነቱን ነው፣ ቤቱም ያለ በደሉ ነው የሞተው።

ስለ ቅርስ የወጡት ሕጎች ከዚህ በኋላ እየተሻሻሉ ሄዱ። የ1958ቱ አዋጅ በ1982 በሌላ ተተካ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ፤ በ2006ም ቅርስን በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚለይ አዋጅ ቁጥር 839 ተከተለው። የ1992ቱ አዋጅ የቅርስ ባለይዞታ በራሱ ወጪ ቅርሱን እንዲጠብቅና እንዲንከባከብ ያስገድዳል፤ ያለ ቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣኑም ፈቃድ ማደስን ይከለክላል፤ ወጪው ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ሊረዳው እንደሚችል ይናገራል። ሕጉ የተጻፈበት መንፈስ የተከበረ ነው። ነገር ግን ግዴታን ከባለቤቱ ትከሻ ላይ ሲያኖር በሌላ እጅ ግብርን የሚያቀልለት አይደለም፤ ስለዚህ በባለቤቱ ዐይን ቤቱ ቅርስ ተብሎ መመዝገቡ ክብር ከመሆን ይልቅ እዳ መስሎ የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። «ተመዘገበ ማለት ተቀማሁ ማለት ነው» የሚል አነጋገር ከአሮጌ ቤት ባለቤቶች አፍ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

በዚሁ ላይ የመሬት ሊዝ መጣ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ በተለይም በ2004 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ወዲህ፣ የከተማ ቦታ በጨረታ ዋጋ የሚገመት ሆነ፤ በፒያሳ መካከል የቆመ ባለ አንድ ፎቅ የጥድ ቤትም ዋጋው ከቤቱ ሳይሆን ከተቀመጠበት መሬት የሚወጣ ሆነ። ባለኮከብ ሆቴል የሚያቆም ባለሀብት የግንባታና የመገልገያ ዕቃውን ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገባ በየጊዜው በወጡት ደንቦች ሲፈቀድለት፣ መስተዋቱና አሉሚኒየሙ ከውጭ አገር ያለ ቀረጥ ሲገባ፣ የጥድ ጣውላ አስፈልጦ በረንዳ የሚያስጠግነው ሰው ግን እንዲህ ያለ እጅ አልተዘረጋለትም። የገቢ ግብር ሕጋችን ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚቀራረብ አንድ አንቀጽ ነበረው፦ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከኪራዩ ገቢ ለጥገናና ለእርጅና ተብሎ በ1994ቱ አዋጅ አንድ አምስተኛው፣ በ2008ቱ አዋጅ ደግሞ ግማሹ እንዲቀነስለት። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን ቅናሹ ጣራውን ላደሰውም ላላደሰውም እኩል የሚሰጥ በመሆኑ፣ ያደሰው ሰው ምንም ያተረፈው የለም። ስለ ጥገና ተብሎ የሚተወው ግብር ጥገናን የማይጠይቅ ከሆነ፣ መንግሥት ገንዘቡን ሰጥቶ ቤቱን አጣ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የጣይቱ ሆቴል ታሪክ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ሆቴሉ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ ግል ተዛውሮ ነበር። እሑድ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ከፊሉን በላው፤ በውስጡ የነበረውና ለጃዝ ሙዚቃ አፍቃሪዎች የታወቀው ጃዛምባ የተባለው አዳራሽም ወደመ። ጢሱ ከፒያሳ ላይ ሲነሣ የከተማው ሰው ያለቀሰው፣ እዚያ አድሮ የሚያውቀው ብቻ አልነበረም። ሆኖም ሆቴሉ ገቢ ያለው፣ ባለቤት ያለው ቤት ነበርና ታድሶ እንደ ገና እንግዳ መቀበል ጀመረ፤ እስከ ዛሬም የእንጨት ወለሉን እያስረገጠ፣ በሰፊው ደረጃው ላይ እንግዳውን እያስወጣ ይተዳደራል። የእሳቱን ያህል ጉዳት ከደረሰበት በኋላ አንድ የቀበሌ ቤት ይነሣ ነበርን? አይመስለኝም፤ ምክንያቱንም ከላይ ተናግሬአለሁ።

በየካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በፒያሳ እምብርት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ወደ ፒያሳ ደርሶ፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው መንደርና በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ እጅ ሠራተኞች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ሳይቀሩ በግሬደርና በዶዘር ፈረሱ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳርቻ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ተዛወረ። ለነዋሪዎቹ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት ማግኘት ትንሽ ነገር አለመሆኑን አውቃለሁ፤ በዶሮ ማነቂያ የነበረው ኑሮ የሚቀናበት አልነበረም። መንገዱም ሰፍቷል፣ መብራቱም አምሯል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጐጆና ጣራ መካከል ሊታደሱ ይችሉ የነበሩ በረንዳዎች፣ የተጠረቡ ድንጋዮች፣ መቶ ዓመት የቆዩ የጥድ ዐምዶች ነበሩ፤ ከየቤቱ ጋር ደግሞ የልብስ ሰፊው፣ የወርቅ ሠሪው፣ የቡና ቤቱ ደንበኝነት አብሮ ተበተነ። ሱቅ ይዛወራል፤ ለሃምሳ ዓመት የተሰበሰበ ደንበኛ ግን በጭነት መኪና አይጓዝም፤ የከተማ ኢኮኖሚ ሲባል አንዱ ክፍሉ ይህ ነው።

መንግሥት በወደደ ጊዜ አሮጌውን ማደስ እንደሚችልና ማደስም ገቢ እንደሚያስገኝ በዚሁ በእኛ ዘመን ታይቷል። የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ታድሶ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ሲከፈት የመግቢያው ዋጋ ለአገር ልጅ 200 ብር ነበረ፤ ሕዝቡም ያንን እየከፈለ ተሰልፎ ገብቷል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡሩ መንገድ ሲባል በ2005 ከሥፍራው ተነሥቶ ተጠብቆ ከቆየ በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። በሜዜዲሚ የተነደፈው የአፍሪካ አዳራሽም በተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ ታድሶ በጥቅምት 2017 ተከፍቷል። እነዚህ ሁሉ ግን የመንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሥራዎች ናቸው። የአንድ ነጋዴ ወራሽ፣ የአንድ ሱቅ ባለቤት፣ የአንድ ማኅበር አባላት በራሳቸው ገንዘብ ሊያድሱት የሚችሉት የአራዳ ቤት ግን በበጀት የሚደረስበት አይደለም፤ ቁጥሩ ብዙ፣ ሥራውም ጥቃቅን ነውና።

በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ከ1968 ጀምሮ ሲሠራበት የነበረው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ቤቱን የሚገምተው በዓመት ኪራዩ ነበር፤ አዲሱ ሥርዓት ግን የቦታውንና የሕንፃውን ዋጋ ይመለከታል። በፒያሳ የቦታው ዋጋ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ በውድ መሬት ላይ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ግብሩ ከገቢው እየበለጠ ቢሄድ ቤቱን አፍርሶ በቦታው ላይ ከፍ ያለ ሕንፃ ለማቆም ይገደዳል። እንግዲህ ከተማው ይህን ታክስ በሥራ ላይ ሲያውል ለተመዘገቡት ቤቶች አንድ አንቀጽ ቢያክልላቸው እለምናለሁ፦ ባለቤቱ አሸንዳውን፣ በረንዳውንና ኖራውን በጠባዩ ማሳደሱን የከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ባለሙያ መጥቶ ካየና ከመሰከረለት፣ ካወጣው ከመቶ ሃያው ወይም ምክር ቤቱ የሚበጀውን ያህል ከዓመት ታክሱ ይቀነስለት፤ ቤቱን ያፈረሰ ደግሞ የተቀነሰለትን ይመልስ። የቀበሌ ቤት የሆነውንም በረጅም ውል ለተከራዩ ማኅበር ሰጥቶ በዚሁ ምሕረት ማሳደስ ይቻላል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ በጣይቱ ሆቴል ጀርባ፣ በደጃች ውቤ ሰፈርና በእሪ በከንቱ ገና የቆሙ ቤቶች አሉ፤ ክረምቱም ከሰኔ ጀምሮ ይገባል።